የዕለት ወሬ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው

በምዕራብ ጎጃም በዘመድና በወዳጅ መካከል የሚመላለሰው የዕለት ወሬ ርእሱ ብዙ አይደለም። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ታጨች፤ በርበሬ ስንት ገባ፣ ማዳበሪያ መጣ ወይስ አልመጣም፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይ። ጋዜጣና ቴሌቪዥን ለእነዚህ ጥያቄዎች እምብዛም መልስ የላቸውም። ፍኖተ ሰላም የዞን ዋና ከተማ ብትሆንም ስሟ በአገር አቀፍ ዜና የሚነሳው ባለሥልጣን ሲጎበኛት ወይም ጦርነት ሲደርስባት ነው። የጂጋ ነጋዴም ሆነ የቋሪት ገበሬ ስለ ወገኑ የሚያውቀውን የሚያውቀው ከሰው ሰምቶ ነው። ያ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይናገራል፣ ይደውላል፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ይጽፋል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ግን ወሬው የሚመዘነው ባመጣው ሰው ነው። ማን ተናገረው? እሱስ ከማን ሰማው? ደግሞስ መናገር የሚገባው እሱ ነበር ወይ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከነጋሪት ዘመን ጀምሮ ከወሬው ተለይተው አያውቁም።

ወሬ መንገድ ይከተላል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አውራ ጎዳና ደንበጫን፣ ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን በተራ ይነካል። ቡሬ ላይ ሌላ መንገድ ይገነጠልና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ቡሬ ከወለጋም ከጎጃምም ከባሕር ዳርም የሚመጣ ሰው የሚያርፍባት፣ የሦስት አገር ወሬ በአንድ ሻይ ቤት የሚሰማባት ከተማ ናት። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና ባሪያ ይዘው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የጎጃምን ገበያዎች፣ በተለይም የባሶን ገበያ አቋርጠው ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር። በ1830ዎቹ እንደ እኛ አቆጣጠር እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ከባሶ ገበያ አጠገብ የጁቤ ተቀምጦ ከዓባይ በስተደቡብ ስላሉት አገሮች ብዙ ጽፏል፤ ከጻፈው ብዙውን ያገኘው ግን ተጉዞ ሳይሆን ነጋዴዎችን እየጠየቀ ነው። አውሮፓ ለተወሰነ ጊዜ ስለዚያ አካባቢ የነበራት እውቀት በከፊል የጎጃም ገበያ ወሬ ነበር ማለት ይቻላል።

ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ሰከላ ወይም ወደ ወንበርማ ሲገባ ወሬ በእግረኛ ፍጥነት ይሄዳል። በገጠር መንገድ የተገናኙ ሰዎች ቀጥታ ወደ ጉዳዩ አይገቡም። እንዴት ዋላችሁ፣ ቤት ደኅና፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ አዝመራው እንዴት ይዟል ይባባላሉ። የሁሉም መልስ እግዚአብሔር ይመስገን ነው፤ በሬው ትናንት የሞተበት ሰው እንኳ በመጀመሪያው ዙር ደኅና ነን ይላል። ሰላምታው አልቆ፣ ዱላው ትከሻ ላይ ተጋድሞ፣ መለያየት ሲጀመር ነው አንደኛው ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው፦ «ይልቅስ፣ የእነ እገሌን ነገር ሰማህ?» ከተማ የለመደ ሰው ይህን ዙር ጊዜ ማባከን ነው ይለዋል። ነገር ግን ሥራ አለው። ተጠያቂው ወሬውን ለዚህ ሰው ልንገረው ወይስ ልያዘው ብሎ የሚያመዛዝነው በዚያ መሐል ነው።

ወሬ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ከሁሉ በላይ ምናልባት ወፍጮ ቤቱ ነው። ከተለያየ ጎጥ እህል ተሸክመው የመጡ ሴቶች ተራ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ ከተበላሸ ወይም መብራት ከጠፋ ደግሞ ግማሽ ቀን አብረው ይውላሉ። በሌላ ቀን የማይገናኙ ጎጦች እዚያ ይገናኛሉ፤ ወጡን ጥላ የመጣችው ሴት ስትመለስ ከዱቄቱ ጋር የሦስት መንደር ወሬ ይዛ ትገባለች። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የጎረቤቱን ጉዳይ ያዳርሳል። ደቦው፣ ጠላ ቤቱ፣ የወንዝ ዳር ልብስ አጠባው ሁሉ ድርሻ አለው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የጠፋ በሬ፣ የሚመጣው ንግሥ፣ ለሕንፃ የሚዋጣው ገንዘብ ይነገራል። በየወሩ የሚጠጣው የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴው ደግሞ አባላቱን በግድ ያገናኛል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ስለሚጠየቅ የአንዱ መቅረት ራሱ ወሬ ነው። የቆሎ ተማሪውም አለ። ወደ ዋሸራና ወደ ሌሎች የጎጃም ቅኔ ቤቶች ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ከደብር ደብር ሲዘዋወር መልእክትና ሰላምታ ያደርስ ነበር፤ ባለ አኮፋዳው እንግዳ ቁራሽ እየለመነ ወሬ ይከፍል ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

መንግሥትም በዚሁ መረብ ይጠቀም ነበር። አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተመታ ይነገር፣ ገበያተኛውም ወደየመንደሩ ያደርሰው ነበር። ስርቆት ወይም ነፍስ ማጥፋት ሲደርስና ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቦ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም ነበር። በዚህ ሸንጎ የሚናገር ሰው ምንጩን ሳይገልጽ ወፍ ነገረችኝ ማለት ይፈቀድለት ነበር። የጎረቤትን ቂም ሳይፈሩ እውነት ለማውጣት የተበጀ ብልሃት ነው፤ ጠላትን ለማጥቂያም እንደዋለ መገመት አያዳግትም።

በ1933 የሆነው ነገር የአካባቢውን ሰው የወሬ ሚዛን በደንብ ያሳያል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦርና ከአርበኞች ጋር በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ፤ ቡሬ የካቲት ሲያልቅ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ከዚያ አስቀድሞ ጆርጅ ስቲር የሚመራው የእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል በሱዳን ሆኖ በአማርኛ ወረቀቶችና ባንዲራችን የሚባል ጋዜጣ እያተመ ወደ ጎጃም ያስገባ ነበር። ማንበብ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ታተመ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ማኅተሙን አይቶ መልእክቱ ከማን እንደመጣ ያውቃል። ሐሰተኛ ወሬም በዚያው ዘመቻ እንደ መሣሪያ ሠርቷል። ጣሊያኖች ደብረ ማርቆስን ሲለቁ የተውት ስልክ ደወለ፤ ደዋዮቹ በዓባይ መሻገሪያ ያሉት የራሳቸው ሰዎች ነበሩ። ጣሊያንኛ የሚያውቀው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አነሣና ትልቅ ጦር እየመጣባችሁ ነው ብሎ እንዳስደነገጣቸው ይተረካል። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሟን ያገኘችውም ከዚሁ ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ጋር ተያይዞ እንደሆነ ይነገራል።

ከ27 ዓመት በኋላ መንግሥት ራሱ የወሬ ተሸናፊ ሆነ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ውስጥ የተሰማው ነገር ግብሩ ሰበብ ነው፣ ዋናው ዓላማ መሬት መለካትና ርስት መንጠቅ ነው የሚል ነበር። ባለሥልጣናት መሬት አይለካም ብለው ቢምሉ ቢገዘቱ የሚያምናቸው አልተገኘም፤ ከዚያ በፊትም የመለካት ሙከራ ነበርና ጥርጣሬው መሠረት ነበረው። በዳሞት፣ በሞጣና በቢቸና ገበሬው ሸፈተ፤ መንግሥት አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። አዋጁ በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ገበሬው ግን ያመነው በገበያና በማኅበር የሰማውን ነው።

ደብዳቤና ሬዲዮ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው ባይባልም ገጠሩን በሰፊው የነኩት ዘግይተው ነው። ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬ ስሙን እንዲጽፍ አደረገ፤ ያም ሆኖ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ በተማሪ ልጅ ይጻፍ፣ በተማሪ ልጅ ይነበብ ነበር። በአንድ ገጽ ላይ ግማሹ ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ ነው፤ ቀጥሎ የሰላምታ ዝርዝር፣ በመጨረሻ በሁለት መስመር ዋናው ጉዳይ። የመንገድ ዳሩ ሰላምታ ሳይቀነስ ወረቀት ላይ ወጣ። ደብዳቤው ከፖስታ ቤት ይልቅ በአውቶቡስ ረዳት እጅ በአደራ ይሄድ ነበር፤ ረዳቱም የመጣበትን ከተማ ወሬ በቃል ይጨምርበት ነበር። ሬዲዮ ደግሞ የሩቁን አመጣ። በ1957 የጀመረው የዶይቼ ቬለ አማርኛና በ1975 የጀመረው የአሜሪካ ድምፅ በየምሽቱ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ሰው ይሰበስቡ ነበር፤ ከባሕር ዳር የሚተላለፈው የአማራ ክልል ሬዲዮ በኋላ ተጨመረ። የሬዲዮው ወሬ ግን በማግሥቱ በሰው አፍ ተተርጉሞ ካልተነገረ ሙሉ አይሆንም። ለእኛ ምን ማለት ነው የሚለውን የሚመልሰው ያዳመጠው ጎረቤት ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ አዲስ አበባ የገባው በ1991 ነው፤ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶበታል። ሲደርስም እንደ ሁሉ ነገር ከአገሩ ልማድ ጋር ተስማምቶ ነው የኖረው። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ባትሪ ለመሙላት ገበያ ቀን ከተማ ይወረዳል። ሚስኮል የራሱ ቋንቋ አበጀ፦ አንድ ጊዜ ከጠራ ደርሻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ከጠራ ደውልልኝ። የምርጫ 97 ውዝግብን ተከትሎ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 2000 መባቻ ድረስ ተዘግቶ ስለነበር ሰዉ ከመጻፍ ይልቅ መደወልን ለመደ። በ2006 ለገበሬዎች የተከፈተው 8028 የስልክ መስመር ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች በድምፅ ምክር ይሰጣል። ጠቃሚ ነው። ሆኖም በወንበርማ በርበሬ ያደረቀ ገበሬ አህያውን ከመጫኑ በፊት የሚደውለው ለ8028 ሳይሆን ቡሬ ላለው ወዳጁ ነው። ምክንያቱም የሚፈልገው የዛሬውን የገበያ አያያዝ ነው፦ ጫኝ መኪና ስንት ቆሟል፣ ደላላው ምን እያለ ነው፣ እርጥቡን ከደረቁ ይለያሉ ወይ። ወዳጁ ከውሸቱ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ደላላው ግን አለው። የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ቡሬ ላይ ሲመረቅም የሥራ ወሬው የተዳረሰው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈውን ሄዶ ካነበበው ይልቅ አጎቱ ደውሎ ና ያለው ይበዛል።

ፌስቡክና ቴሌግራም የጨመሩት ዋናው ነገር ርቀትን ነው። በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በአንድ ቀበሌ የተወለዱ ወይም የአንድ ማኅበር አባል የሆኑ ሰዎች ቡድን ይከፍታሉ። ግማሾቹ ፍኖተ ሰላም፣ ሌሎቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ የቀሩት ዋሽንግተን፣ ቤሩት ወይም ሪያድ ናቸው። የቡድኑ ቀን የሚጀምረው እንደ መንገድ ዳሩ ነው፦ እንዴት አደራችሁ፣ የዕለቱ ቅዱስ ሥዕል፣ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። በዚህ የሚያላግጡ አሉ። ዳሩ ግን ማን እንዳለና ማን ዝም እንዳለ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ከማኅበር የቀረ አባል እንደሚጠየቅ ሁሉ ለሳምንት አሜን ያላለ ሰውም በውስጥ መስመር ደኅና ነህ ወይ ይባላል። ከዚያ ወሬው ይከተላል፦ የተመረቀች ልጅ፣ የታመመ መምህር፣ የተሠራ ድልድይ ፎቶ፣ ለሕክምና የሚሰበሰብ ገንዘብ። መዋጮው ሲመጣ ጥያቄው ይጠብቃል። ታማሚውን የሚያውቅ ማን ነው? የባንክ ሒሳቡ በማን ስም ነው? ቡድኑ ገንዘብ የሚልከው ከመካከላቸው አንዱ አውቀዋለሁ፣ የእነ እገሌ ልጅ ነው ካለ በኋላ ነው። የማያውቁት ሰው የለጠፈው የተጣራ ሰነድና የሐኪም ማኅተም ይህን ያህል አያሳምንም።

አዲሱ መንገድና አሮጌው ሥርዓት ክፉኛ የተጋጩት በመርዶ ላይ ነው። በአካባቢው ልማድ የቅርብ ዘመድ ሞት እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ሟቹ ባሕር ዳር ሆስፒታል ቢያርፍና ልጁ አዲስ አበባ ቢኖር፣ ልጁ መጀመሪያ የሚሰማው አባትህ አሞታል፣ ቶሎ ና የሚል ነው። እንዳይደነግጥ ብቻውን አይተውም። መርዶ ነጋሪዎቹ ይመረጣሉ፦ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ከተገኘ እሱ፣ ከሴቶችም ጠንካራዋ። ሌሊቱ ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ከፍቶ የሚያየው አምስት ስድስት ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቃል አያስፈልግም። በማለዳ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ አልቅሶ፣ ሰው ከቦት እንዲያመሽ ነው። በውጭ አገር ያሉ ጎጃሜዎችም ይህን አልተዉትም፤ በመኪና ተጠራርተው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ጎህ ሳይቀድ የሟቹ ወገን ቤት በር ላይ ይቆማሉ።

ፌስቡክ ይህን ሥርዓት በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። አንድ የሩቅ ዘመድ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ ነፍስ ይማር ይላል፤ ልጁ በሥራ ቦታው፣ በታክሲ ውስጥ ወይም በባዕድ አገር በምሳ ሰዓት ያየዋል። በዚህ መንገድ የተረዳ ሰው ሞቱን ረስቶ አነጋገሩን ለዓመታት ሲያነሣ መስማት የተለመደ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ቡድኖች ያልተጻፈ ሕግ ያበጁት። ቤተ ሰብ አልተረዳም፣ እንዳትለጥፉ የሚል መልእክት ከሞቱ ወሬ ቀድሞ ይዞራል፤ የለጠፈ ካለ የቡድኑ ኃላፊ ያጠፋዋል፣ ለጣፊውም ይወቀሳል። ሟቹ ከተቀበረና ቅርብ ወገኑ ሁሉ ከተረዳ በኋላ ግን ቡድኑ የእድሩን ጥሩንባ ሥራ ይሠራል፦ ለቅሶው የት እንደሆነ፣ ሠልስቱ መቼ እንደሚውል፣ የማጽናኛው ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ ያስታውቃል። ዛሬ በገጠሩ ጥሩንባ ነፊውም ስልኩም ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ጥሩንባው ጎጡን ይጠራል፣ ስልኩ ከጎጡ የወጣውን።

የኢንተርኔት መዘጋት ይህ መረብ ምን ያህል እንደሚችል ደጋግሞ ፈትኖታል። ሰኔ 15 ቀን 2011 የክልሉ ባለሥልጣናት ባሕር ዳር ላይ ሲገደሉ በመላ አገሪቱ፣ በሰኔ 2012 መጨረሻም ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ረጅሙ የመጣው በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ጦርነት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም መሐል በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪሎች ሲናገሩ፣ በውጭ ያለው የከተማዋ ተወላጅ ዜናውን ከዓለም ጋር እኩል ሰማ፤ የራሱን ሰዎች ስም ግን ማንም ሊነግረው አልቻለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወሬ ወደ አሮጌው መንገዱ ይመለሳል። መደበኛ ስልክ በሚሠራበት ሰዓት አንድ ሰው ይደወልለታል፣ እሱ የአሥር ቤት ደኅንነት ይናገራል፤ ከአዲስ አበባ ያለው ዘመድ ያንን ወስዶ በቡድኑ ላይ ይጽፋል። ስልክም ከተቆረጠ የአውቶቡስ መንገደኛ ይጠበቃል፤ መንገዱ ከተዘጋ ደግሞ እግረኛ። ተንቀሳቃሽ ምስል ዜንደር በሚባለው የስልክ መተግበሪያና በሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ መቼና የት እንደተቀረጸ የሚናገር ሰው አብሮት ስለማይዞር ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ከተማ ወይም የሌላ ዓመት ሆኖ ይገኛል።

ሕጉ ስለዚህ ጥቂት ይላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን በጠነከረ ቅጣት ይቀጣል። የትምህርት ቤት ጓደኞች ቡድን እዚህ ቁጥር አጠገብም አይደርስም፤ የሚገዛው የራሱ ልማድ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚባለው በቡድኖቹ ውስጥ አንድ መልክ አለው፦ በጦርነት ጊዜ ያልታወቀ ወሬ ሲለጠፍ የመጀመሪያው መልስ አንተ የት ነህ የሚል ነው። ቦታው ላይ ያለ ሰው ቃል ከሁሉ ይቀድማል። ውጭ አገር ሆኖ ብዙ የሚለጥፍ ሰው ይሰማል፣ ይወደዳልም፤ ግን ጂጋ ያለችው እኅት ዛሬ ገበያ ቆሟል ካለች የእሱ ረጅም ጽሑፍ ዋጋ ያጣል። ችግሩ ቦታው ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ መጻፍ አለመፈለጉ ነው። የስልክ ፍተሻ ይፈራል፤ ኬላ ከመድረሱ በፊት ንግግሩን ያጠፋል፣ ከቡድኑም ይወጣል። ስለዚህ በጣም የሚታመነው ምስክር በጣም ዝምተኛው ይሆናል፣ ክፍተቱንም ሌላው ይሞላዋል።

ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ድምፅ መላክ ከሁሉ የቀለለ ሆኗል። በፍኖተ ሰላም ያለች እናት የልጅ ልጇ ስልኩን ሲይዝላት ለሪያዷ ልጇ ለሁለት ደቂቃ ትናገራለች፦ ሰላምታው፣ የቤቱ ሰው በስም በስም፣ ላሟ መውለዷ፣ የጎረቤት ሠርግ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ስላስጨነቃት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር። ልጅቷ በአሠሪዎቿ ቤት ማታ ሥራ ጨርሳ ትሰማዋለች፤ ደግማም ትሰማዋለች። የድምፁን አወጣጥ አድምጣ እናቷ ያልተናገረችው ሕመም እንዳለ የምትለይ ብዙ ናት፣ በማግሥቱም ለወንድሟ ደውላ ትጠይቃለች። ቡድኖቹ ውስጥም ቢሆን ወፍራም ጉዳይ ሲመጣ፣ እርቅ ወይም የመሬት ክርክር ሲነሣ፣ ሽማግሌዎቹ ጽሑፉን ትተው በድምፅ ይነጋገራሉ፤ የተጻፈ ነገር ተቆርጦ ወደ ሌላ ቡድን እንደሚላክ ያውቃሉ። ድምፁም ይላካል፣ ነገር ግን ማን እንደተናገረው የማይለይ የለም።